ሦስተኛው ትልም

አባቴ ዓይኑን ሞራ ከሸፈነው ወዲህ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ለእሱ ጥላ ነው፤ ሰውዬው «እንዴት ዋላችሁ» ሲል ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ የማን ልጅ እንደሆነ ይነግረዋል። ደብረ ማርቆስ ወስጄ አስመርምሬው «ይገፈፋል» ብለውናል። እሱ ግን «ከአዝመራ በኋላ» እያለ ሁለት አዝመራ አሳልፏል።

በዚያ ዓመት ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ሞተ። ክረምቱ ሳይገባ የገብሱ መሬት መታረስ ነበረበት፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። እኔ ያኔ ማርቆስ የቀን ሥራ ስሞክር፣ ሲሰለቸኝ ወደ ቤት ስመለስ፣ እንደገና ስሄድ የምኖር ልጅ ነበርኩ። ግጥም እጽፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከሠርግ፣ ከደቦና ተውሼ ካነበብኳቸው መጻሕፍት የለቀምኩት ነው። ዓይኔ ምንም አያልፈውም እያልኩም እኮራ ነበር።

አባቴ በሬ ልንገዛ ለሮብ ገበያ ሲያስነሳኝ «ዛሬ ዓይኔ አንተ ነህ» አለኝ።

በሬው ቀይ ነው፣ ግንባሩ ቦቃ። ሻጩ ንጹሕ ጋቢ የለበሰ፣ ሽበቱ ያማረ ሽማግሌ ነበር። አባቴ ሻኛውን ዳሰሰ፣ ቀንዱን ጨበጠ፤ ጥርሱንና ትከሻውን እኔ እንዳይ አዘዘኝ። ጥርሱ ደህና ነው። ትከሻው ላይ ቀንበር የላጠው ጠባሳ አለ፤ «ያረሰ በሬ ነው» አልኩ በሙሉ ልብ። ቀንበር ተጭኖበት የተኛ በሬም ያው ጠባሳ እንደሚኖረው አላሰብኩም።

አባቴ ግን «ሌላም እንይ» ሊል ከንፈሩን ሲያላቅቅ ሽማግሌው የበሬውን ጀርባ እየደባበሰ ጀመረ፦

«ስሙን ሲጠሩት ነው ቀንበር የሚያነሳ፣
ጅራፍ ምን ይሠራል ለእንዲህ ያለ አንበሳ።»

ድምፁ ልዩ ነበር። ከሆድ ይነሣና መጨረሻው ላይ እንደ ማልቀስ ይላል። ስልኬን አወጣሁና «አባባ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ» አልኩት ሽማግሌውን። እንደ እኔ ያለ ገዢ ገጥሞት የሚያውቅ አይመስለኝም። ፈገግ ብሎ፣ ከፊተኛው ይልቅ አሳምሮ ደገመልኝ። ቀዳሁት። ዋስ ሲባል አንድ ሰው ከጎኑ ብቅ ብሎ «እኔ አለሁ፣ አገሩ ሁሉ ያውቀኛል» አለ። ከፍለን በሬውን እየነዳን፣ ግጥሙን ከስልኬ አባቴን እያስደመጥኩት ወደ ቤት ገባን።

ሰኞ ጠዋት ጠመድኩት። አባቴ ዳር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። የመጀመሪያውን ትልም እንደ ንጉሥ ሄደ፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው መሐል ላይ ጉልበቱን አጠፈና ተጋደመ፤ ጓደኛውንም በቀንበሩ ይዞት ዘመመ።

«ምነው ቆምክ?» አለ አባቴ።

«ተኛ።»

«ማን?»

«በሬው።»

 ጅራፍ አጮህኩ፣ ጭራውን ጠመዘዝኩ፣ ሣር አቀረብኩለት። ሣሩን ተኝቶ በላ። የአጥር ጎረቤታችን ከማሳው ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ «አንተ ባለቅኔ! በግጥም አስተኛኸው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ይህ ሰው ሦስት በሬ አለው፣ ምላሱም እንደዚያው።

እናቴ ምሳ ይዛ ስትመጣ እኔ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ነበርኩ። አባቴ እዚያ መሆኔን አላወቀም። «ማነው ይኼን የመረጠው?» ስትለው፣ «እኔ ነኝ» አላት። «ልጁማ ይቅርብን ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት።»

ከዚያ ካብ ጀርባ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

በተከታዩ ሮብ ገበያው ውስጥ ሻጩን ፈለግሁት። የለም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን ዋስም የሚያውቅ አንድ ሰው አጣሁ። ስመለስ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ያዘኝ።

«ምን ትደክማለህ? ማርቆስ ነድተህ ውሰደው፤ እዚያ በሬውንም አንተንም የሚያውቅ የለም። ግጥሙን ቀድተህ የለ? እንደገዛኸው ሽጠው!»

ለእሱ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሽማግሌውን ተማርኩት፤ የት እንደሚተነፍስ፣ የት እንደሚያለቅስ። ያን በሬ ቤታችን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ላስወጣው ይገባኛል አልኩ። ለአባቴ «ማርቆስ ገበያው ደህና ነው አሉ፤ ስሸጥ አንተ ዝም በል ብቻ» አልኩት። «እሺ» አለ። አርብ ተነሥተን፣ ማርቆስ ዳር ዘመድ ቤት አድረን፣ ቅዳሜ ከብት ተራ ቆምን።

እጁ የሻከረ አንድ ጎልማሳ ገበሬ መጣ። የበሬውን ትከሻ አየና ልክ እንደ እኔ ጠባሳው ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ያርሳል?»

«ያርሳል ወይ!» አልኩና የሽማግሌውን ግጥም ጀመርኩ። ከሆዴ አነሣሁት፣ መጨረሻው ላይ አስለቀስኩት። እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። ሰው ከበበን። አንዱ «በለው!» አለ፤ ሌላው «ይኼስ በሬ ባይሸጥም ልጁ ይሸጣል» ብሎ ሳቅ አስነሣ። ገበሬው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ድንገት አባቴን አየሁት። አንገቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሰው የጠፋበት ይመስላል። እጁን ዘርግቶ ሲፈልግ ክንዴን አገኘ። ያዘኝ። ወደ ገበሬው ዞሮም፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ከግጥሙ አንድ ቤት ቀርቶታል» አለና ጨመረለት፦

«ሁለት ትልም አርሶ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣
ይተኛል ወንድሜ፣ አይነሳም ቢወቀስ።»

 ከብት ተራው በሳቅ ፈረሰ። ገበሬው እጁን ባዶውን ከኪሱ አወጣ። «አባቴ፣ ሊሸጡልኝ ነው ወይስ ሊመክሩኝ የመጡት?»

«ለሥጋ ከሆነ ውሰደው፣ ስቡ ደህና ነው። ለእርሻ ከሆነ ግን ክረምት እየመጣብህ ነው» አለው አባቴ።

በመጨረሻ ከብት የሚያደልብ ሰው ወሰደው። ያገኘነው ገንዘብ የሚያርስ በሬ አይገዛም፤ አንድ ቀንበር የማያውቅ ወይፈን ገዛልን። ወይፈኑን እየነዳን ከተማውን እስክንወጣ አባቴን አላናገርኩትም። ኋላ ግን አልቻልኩም።

«ለምን አበላሸህብኝ? መሬቱ ጾሙን ሊያድር ነው!»

«ያንን ሰውዬ ሰማሁት» አለ። «በሬውን የሸጠልንን። እዚህ መጥቷል ብዬ ፈለግሁት። ከዚያ ድምፁ የሚመጣው አንተ ከቆምክበት መሆኑ ገባኝ።» ትንሽ ሄደ። «እኔ አሁን የማውቅህ በድምፅህ ነው። ሲጠፋብኝ ደነገጥኩ።»

 ወይፈኑ ሣር ሊግጥ ሲቆም እኛም ቆምን።

«እናትህን ዋሽቻታለሁ» አለ ደግሞ። «በሬውን ግን አንተ ብቻ አይደለህም የመረጥከው። ሌላ እንይ ልል ነበርኮ። ግጥሙ ጣመኝ። ድገምልኝ ስትለው ልቆጣህ ይገባኝ ነበር፤ ግን እኔም ሁለተኛ መስማት ፈለግሁ።»

«አንተ ግጥም ትችላለህ እንዴ?»

«አንተን ከማሳደጌ በፊት ምን ስሠራ የነበርኩ ይመስልሃል?» አለና ሳቀ። ጥርሱን ያየሁት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ወሬው ቀድሞን ቤት ገብቶ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤታችን በራችን ላይ ቆመ። አባቴ በሬ መለመን እንደማይወድ ያውቃል፤ ስለዚህ ለማኝ መስሎ የመጣው ራሱ ነው።

«አያ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሦስተኛው በሬዬ ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ፈትቶ እያስቸገረኝ ነው። በሬውን ውሰድና ባለቅኔውን ሐሙስና አርብ አውሰኝ።»

«ይተኛል፤ አልነገርከኝም እንዳትል» አለው አባቴ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ከተኛ እኔም እንዳንተ ግጥም እጨምርለታለሁ።»

ሰኞ የጎረቤታችንን በሬ ከእኛው ጋር ጠመድኩ። አባቴ ዳር ላይ፣ በለመደው ቦታ ቆመ። አንደኛው ትልም አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ሦስተኛው መሐል ላይ ስደርስ እጄ እርፉ ላይ ጠበቀ፤ እስትንፋሴን ያዝኩ። በሬዎቹ ይሄዳሉ። እኔ ግን ዝም ብዬ ነበርና አባቴ ከዳር፣

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ፣ አባዬ» አልኩት፣ በገዛ ድምፄ። ትልሙም ቀጠለ።