ከብርቱካኑ ሥር የጠረግሁት ቅጠል

ወልድያ የተከራየኋት ክፍል ከግቢው ጥግ፣ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ ናት። ደጃፌ ላይ አፉ በተቆረጠ ጀሪካን የተከልኋት አንዲት ሎሚ አለችኝ፤ ሌላ የምንከባከበው የለኝም። ቅዳሜ ጠዋት አከራዬ እትዬ ለተብርሃን የረገፈውን ቅጠል ጠርገው ይከምሩና ክብሪት ይጭሩበታል። ጭሱ በበሬ ስንጥቅ ገብቶ ልብሴንም ጸጉሬንም ይይዘዋል። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ተመልሼ መርሳ ከተማ ነኝ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ መጥረጊያ ይዣለሁ።

ያደግሁት ከአባቴ ታላቅ ወንድም ከአያ ይማም ጋር ነው። የእኛ ቀበሌ ከትምህርት ቤት ስለሚርቅ አባቴ አንድ ቀን በእጄ ይዞ አመጣኝና "ተማሪ፤ እሳቸውንም አግዣቸው" ብሎ ትቶኝ ተመለሰ። አያ ይማም ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እንደ እኔው ወሬ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ሁለት ዝምተኞች በአንድ ቤት ስንኖር፣ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ዶሮዎቹ ጓሮ ውስጥ ቅጠል ሲጭሩ ብቻ ነበር።

ቅጠል የአያ ይማም ነገር ነው። ሌላው ሰው ጠርጎ የሚያቃጥለውን እርሳቸው ይሰበስቡታል፤ የማንጎና የፓፓያ ቅጠል፣ ዘር ሳይዝ የታረመ አረም፣ የተቆራረጠ የበቆሎ አገዳ፣ ከአጥር የተከረከመ ጭራሮ ሳይቀር። ይህን ሁሉ ከሦስቱ የብርቱካን ችግኞቻቸው ሥር እንደ ፍራሽ ወፈር አድርገው ያነጥፉታል። "ከግንዱ ስንዝር አርቂው፤ አንገቱን ካነቅሽው ይበሰብሳል" ይሉኝ ነበር። ቀትር ላይ፣ መሬቱ እግር በሚያቃጥልበት ሰዓት ይጠሩኝና "እስቲ እጅሽን ክተቺ" ይላሉ። ከቅጠሉ ሥር እጄን ስሰድ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ ትል ይነካኝና እጮሃለሁ፤ እርሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። በዚያ ቤት ሳቅ የምሰማው ያኔ ብቻ ነበር።

የመስኖ ውሃ ተራችን የሚደርሰው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። ችግኞቹን ከተራ እስከ ተራ የሚያደርሳቸው ያ ቅጠል መሆኑን ነግረውኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ልብ አላልሁም። እኔ የምሰማው የጎረቤታችንን የእትዬ ዘይነባን ድምፅ ነበር።

"አያ ይማም፣ ሴት ልጅ ቤትዎ ገብታ ግቢው እንዲህ ይሆናል? እባብ ሊያረቡ ነው እንዴ?" ይላሉ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አስግገው።

"እባብ እንኳ አላየሁም፤ በአጥር ላይ ብቅ የሚል አንገት ግን አይቻለሁ።"

እትዬ ዘይነባ ይስቃሉ። ወደ እኔ ሲዞሩ ግን ሳቁ የለም፤ "አንቺ ልጅ፣ ነገ ሰው ቤት ስትገቢ ምን ልትባይ ነው?" ይሉኛል። በእኛ አገር ሴት ልጅ የምትታየው በግቢዋ ነው፤ በበዓል ዋዜማ አፈሩ ላይ የመጥረጊያው መስመር ካልወጣ ሰነፍ ትባላለች። እኔ ደግሞ መልስ የማልሰጥ፣ የተባልሁትን ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይዤ የምገባ ልጅ ነበርሁ።

የበልጉ ዝናብ በቀረበት ዓመት ኢድ ግንቦት መጨረሻ ላይ ዋለ። ዋዜማውን አያ ይማም በጾም አፋቸው ፍየል ሊገዙ ሐራ ገበያ ሄዱ። እኔ ለብቻዬ ቀረሁና ከደጃፉ ጀምሬ እስከ ጓሮው ጠረግሁ፤ ከብርቱካኖቹ ሥር ያለውንም በእጄ ጭሬ አወጣሁ፤ ከምሬም አቃጠልሁት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አያ ይማም ፍየሏን እየጎተቱ ሲገቡ እትዬ ዘይነባ አጥሩ ላይ ነበሩ። "ማሻአላህ! አሁን ገና ሴት ያለችበት ቤት መሰለ!" አሉ። አያ ይማም አመዱን አዩት፤ ችግኞቹን አዩአቸው፤ ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ።

"ወላሂ አምሯል" አሉ። "ጎበዝ ልጅ።"

የውሃ ተራችን ሊደርስ አሥር ቀን ይቀር ነበር። ከኢድ ማግስት ጀምሮ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጠዋትና ማታ ከቦኖ በጀሪካን እየቀዱ ያጠጡ ጀመር። መሬቱ ጠጥቶ ቀትር ሳይሆን ይሰነጠቃል። ሌላ ቅጠል እንዳይፈልጉ መንደሩ ሁሉ ለበዓሉ ጠርጎ አቃጥሏል። መጀመሪያ አንደኛዋ ጠወለገች፣ ቀጥላ ሁለተኛዋ ደረቀች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሦስተኛዋን ሥሯን አሮጌ ሽርጣቸውን አልብሰዋት አገኘሁ፤ ከግንዷ ስንዝር ርቀው፣ ጠርዙን በድንጋይ ይዘውታል። ያደረግሁት ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ይቅርታ ልበል ብዬ አጠገባቸው ቆምሁ፤ ጎንበስ ብዬ ጠርዙ ላይ አንድ ድንጋይ ብቻ ጨመርሁ። እርሳቸውም ቀና ሳይሉ "ቅጠል እንደሆነ ለከርሞም ይረግፋል" አሉኝ።

ያቺ አንዷ ተርፋ አደገች። ስምንተኛን ጨርሼ ወልድያ ምግብ ቤት ሥራ ከገባሁ በኋላ የመጀመሪያ ፍሬዋን በፌስታል ቋጥረው በሚኒባስ ላኩልኝ። ለብቻዬ ተቀምጬ እያለቀስሁ በላኋት። ለበዓል ስሄድ ያን ይቅርታ እላቸዋለሁ እያልሁ ሁለት በዓል አለፈ፤ ሄጄም ነበር፣ አጠገባቸውም ተቀምጬ ነበር፣ ግን ሐፍረቴ አሸነፈኝ። ከዚያ አያ ይማም አረፉ። ግቢው ለሌላ ሰው ተላለፈ፤ ብርቱካኗ ቤት ሊሠራበት ተቆረጠች።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ ለተብርሃን ክብሪቱን ሲያወጡ እግሬ ሳላዘው ወጣ።

"እትዬ፣ አያቃጥሉት። ለእኔ ይስጡኝ።"

ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር ድምፄን ሰምተው አያውቁምና ደነገጡ። "ምን ልታደርጊበት? ፍየል ገዛሽ እንዴ?"

"አይ፣ ለሎሚዋ ነው።"

"ለዚያች ለጀሪካኗ? ይሁን፣ ጆንያ አምጪና ውሰጂው፤ እኔም ከጭሱ ተገላገልሁ።"

ጆንያው ሞላ። ሎሚዋን ከግንዷ ራቅ አድርጌ አለበስኋት፤ የወሰደችው ሁለት እፍኝ ነው። ቀትር ላይ ክተቺ የሚለኝ ሳይኖር ጣቴን ከተትሁ፤ እርጥብ ነው። እኔም በተራዬ ክተት የምለው ሰው ፈልጌ ዘወር አልሁ፤ የግቢው በሮች ሁሉ ዝግ ነበሩ። ጆንያው አሁንም እንደሞላ ከበሬ ኋላ ቆሟል። ለሦስት ብርቱካን የሚበቃ ቅጠል አለኝ።