የዛፍ ዋስ

በብራዚሏ ሳባራ ከተማ ጃቡቲካባ የሚባለው የፍሬ ዛፍ የሌለበት ጓሮ መፈለግ ጥርስ የሌለው አዞ እንደ መፈለግ ነው። ፍሬው ግንዱ ላይ ተለጥፎ የሚጠቁርበት ወቅት ሲደርስ ከተማው እንዳለ ፍሬውን በአፉ ሊለቅም ዛፍ ሲስም ይውላል። ቄሱ እንኳ ቅዳሴ የሚጀምሩት አገጫቸውን ጠርገው ነው።

የዶና ዤኖቬቫ ዛፍ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቅጠል ብቻ ሲያበቅል ኖረ። ችግኙን ከሟች እናቷ ጓሮ በአሮጌ ድስት አምጥታ የተከለችው ራሷ ናት። ዤኖቬቫ የሙሽራ ቀሚስ ሰፊ ነች። የሰፈሩን ሴት ሁሉ የወገብ ልክ በቃሏ ስለምታውቅ ደፍሮ የሚጣላት የለም።

ከባሏ በቀር። አሪስቴዉ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዛፉ ደግሞ የቆመው እሱ ለቮልሱ መጠለያ ሊሠራ ባሰበበት ቦታ ላይ ነው።

«ግንበኛውን ለፋሲካ ማግስት ቀጥሬዋለሁ» አላት። «ዛፍሽ መካን ነው፤ በቃ ይቆረጣል።»

«ቮልስህስ ስንት ወለደች?»

«እሷ ቢያንስ ትሄዳለች።»

«ቁልቁለት ሲሆን።»

ዤኖቬቫ የቀራት ቀዳም ሹር ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ሳባራ ውስጥ ሰነፍ ዛፍ ይሸበራል። አንዱ መጥረቢያ አንስቶ «ልቆርጥህ ነው» ይላል፤ ሌላው «ማረው፣ ለከርሞ ያፈራል» ብሎ ዋስ ይሆናል። ዛፉም ደንግጦ ያፈራል። ዛፍ ጆሮ የለውም የሚል ሰው እዚያ ከተማ ገና አልተወለደም።

ጎረቤቷ ዙልሚራ በአጥር በኩል ብቅ አለች። «አበልጄ፣ መጥረቢያውን ለአሪስቴዉ ስጪው እንጂ። እሱ ከልቡ ነው የሚያስፈራራው።»

«ለዚህ እኮ ነው የማልሰጠው።»

ባሏን ታውቀዋለች። አውቶቡስ ሲነዳ የየፌርማታውን ስም እንደ ስብከት ነበር የሚያውጀው፤ ሦስት ሰው ካየው ዓይነ ስውር እንኳ የሚያስለቅስ ፍጡር ነው። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ሰው ጠራች፣ ልመናውን ለእሱ ሰጠች፣ መጥረቢያውን ራሷ አነሳች።

«አንተ ገተት፣ ውሃዬን ጠጥተህ ጥላ ብቻ የምትጥል፣ ዛሬ ቀንህ ደረሰ።»

አሪስቴዉ ጫማውን እያየ «ተይው እንግዲህ» አጉረመረመ።

«ይሄ ልመና ነው ማዛጋት?» አለች ዙልሚራ። ሰው ሳቀ።

ይህቺ ነካችው። ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግንዱን አቀፈና ድምፁን ለቀቀው። «በቅድሚያ እኔን ቁረጪኝ። ይሄ ልጅ ዓይናፋር ነው እንጂ ክፉ አይደለም። አንድ ቀን ‹አይዞህ› ያለው ማነው? መካን እያልን ስንሰድበው ከረምን። ዋሱ እኔ ነኝ። ዘንድሮ ካላፈራ ቮልሴን ፍለጪያት።»

ሁለት ሴቶች አለቀሱ፤ አንዷ ገና መድረሷ ስለነበር ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ዤኖቬቫ መጥረቢያውን ቀስ ብላ አወረደች።

«በሰው ፊት ተናግረሃል» አለችው በጆሮው።

ግንበኛው ሲመጣ አሪስቴዉ በር ላይ ጠብቆ መለሰው። «ዋስ የሆንኩለት አለ፤ አሁን አይሆንም።»

«ዘመድ ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያ ወዲያ የቮልሱ ነገር እንቅልፍ ነሳው። በዚያ አገር ከፋሲካ በኋላ የሚገባውን በጋ ሙሉ በየጠዋቱ መኪናውን ያጥብበት የነበረውን የውሃ ጎማ ወደ ዛፉ አዞረ። ዤኖቬቫ በቆርቆሮ ጠብ ጠብ ታደርግ የነበረውን እሱ ኩሬ አደረገው። ቮልሷ ቀለሟ እስኪረሳ አቧራ ለበሰች። እሱም ውሃውን እየለቀቀ «በርታ፣ ወንድሜ፣ አታዋርደኝ» ሲል የሰማው ሁሉ ይምላል።

አንድ ጠዋት ግንዱ ከሥሩ እስከ አናቱ ፈንዲሻ የተለጠፈበት መሰለ። አበባ ነበር። አሪስቴዉ በፒጃማ መንገድ ወጥቶ የማያውቀውን መንገደኛ ሳይቀር ሳመ።

ፍሬው ሲጠቁር ሰፈሩ ግንዱን ከበበው። የእናቷ ጓሮ ጣዕም አፏ ውስጥ ሲፈነዳ ዤኖቬቫ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። አሪስቴዉ ከነዘሩ መዋጥ ሆድ እንደሚያደርቅ እያወቀ በእፍኝ ዋጠ።

«ስለፈራ ነው ያፈራው» አለ አንዱ።

«ስለጠጣ ነው» አለ ሌላው።

«ስለታመነ ነው» አለ አሪስቴዉ።

ዙልሚራ ከአጥሩ ወዲያ ጠራችው። «አበልጄ፣ የኔም የሊቺ ዛፍ አላፈራም ብሏል። ለመጪው ቀዳም ሹር ዋስ ሁንለት።»

አሪስቴዉ አፉን ጠረገ። «ጠባዩን ሳላይ ለማንም ዋስ አልሆንም» አለና በአጥሩ ላይ ሊያየው መሰላል ፍለጋ ሄደ።