የጋሼ ብስክሌት ወደ ሰንጋ ተራ የሄደች ቀን

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ብስክሌት መንዳት ከለመድኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። የሰፋሁትን መጋረጃ ለደንበኛዬ ላደርስ ከአብነት ተነስቼ፣ በሜክሲኮ አድርጌ፣ ሰንጋ ተራ ደርሼ ልመለስ ነው። ለሌላው ሰው መንገዱ አጭር ነው። ለእኔ ግን አገር የማቋረጥ ያህል ነበር፤ የያዝኩት የታላቅ ወንድሜን የጋሼ ሰይድን ብስክሌት ነዋ! ጋሼ ጉልበቱ እምቢ ብሎት መንዳት ካቆመ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ውጭ አሳድሯት አያውቅም። እሷ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ታድራለች፣ እሱ በር ሥር ብርድ እየመታው ይተኛል።

«የማውስሽ ለዛሬ ብቻ ነው» አለኝ። «በሰላም ከመለስሻት ያንቺ ትሁን። ከጠፋች ግን ሁለተኛ ብስክሌት የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ።»

«እንደ ዓይኔ ነው የምይዛት፣ ጋሼ።»

«ዓይንሽማ ያለ መነጽር ካላየ ቆየ!»

ሜክሲኮ፣ ሦስት ሰዓት

የከተማው ባቡር ከበላዬ ባለው ድልድይ ሲያልፍ ደንግጬ ወረድኩና እየገፋሁ የብስክሌት ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ከቤት የያዝኩትን ባለገመድ ቁልፍ እንደ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌዋለሁ።

«ማዘር፣ ይሄ እኮ የልብስ ማስጫ ነው!» አለ ባለሱቁ። ፒንሳ አነሳና አንዴ ነከሰው፤ ለሁለት ተበጠሰ። ሁለቱን ቁራጭ አንስቼ አየሁ። ቀጥሎ የፈረስ ኮቴ የመሰለ፣ ውፍረቱ አውራ ጣቴን የሚያህል የብረት ቁልፍ አወጣና ትልቁን መቁረጫ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ይሞክሩት።» ባለኝ ኪሎ ሁሉ ተንጠለጠልኩበት። ብረቱ የጥፍር ጭረት ያህል እንኳ አልታየበትም። ሱብሓነላህ!

የገዛሁት ሳላመነታ ነው። የቁልፉን መያዣ ቴላዮው ላይ፣ ማለት የብስክሌቷ የብረት አካል ላይ፣ ከኮርቻው ዝቅ አድርጎ፣ በሁለት ብሎን ካሰረልኝ በኋላ ፔዳል አስመታኝ። ቁልፉ ጉልበቴን ሲነካኝ እንደገና ፈትቶ ከፍ አደረገው። «መሪው ላይ እንዳያንጠለጥሉት፣ ይጥልዎታል። ሲያስሩ ደግሞ ቴላዮውንና የኋላ ጎማውን አንድ ላይ ነው።»

ሰንጋ ተራ፣ አምስት ሰዓት

ከደንበኛዬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ልስኑ እያለቀ ያለ አንድ ሕንፃ አለ፤ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተተክሎበታል። ወፍራሙን እንጨት መርጬ፣ እንደተባልኩት አስሬ፣ ጎተት ባደርገው ንቅንቅ አይልም። አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። መጋረጃውን እየሰቀልኩ በመስኮት ቁልቁል ባይ እንጨቱም የለም፣ ብስክሌቷም የለችም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። የግቢው ጥበቃ፣ ሽበታም አባት፣ ብስክሌቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ለካ ሠራተኞቹ መወጣጫውን እያፈረሱ ኖሮ እንጨቱን ከላይ ሲመዙት እሷ ከነቁልፏ መሬት ወድቃለች።

«የኔ ልጅ፣ ቁልፍሽ ምንም አላጠፋም» አሉኝ። «ሰው ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የሚነቀል ነገር ላይ ያስራል?»

ቁልፉን ዳሰስኩት። ጎማውንና ቴላዮውን እንደጨበጠ ነው፤ እንጨቱ በነበረበት በኩል አየር ብቻ ይዞ፣ ግጥም ብሎ ተቆልፏል። እስከ ዛሬ ብረት እንዲህ ደንቆኝ አያውቅም። እሳቸው የአጥሩን ብረት መታ መታ አደረጉ። «እዚህ እሰሪ፣ ይሄ ከሲሚንቶው ጋር የተወለደ ነው።»

አብነት፣ ዘጠኝ ሰዓት

መንገዱን በሙሉ «ልንገረው ወይስ ልተወው?» ስል ነው የመጣሁት። ስለ ቁልፍ ሳስብ ውዬ፣ የማስርበትን ነገር አንዴ እንኳ ቀና ብዬ ሳላይ! በር ላይ ጉልበቱን እያሸ ሲጠብቀኝ ሳየው ግን መደበቅ አልቻልኩም። የእንጨቱን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ጋሼ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። መክፈቻውን ከእጄ ተቀብሎ ቁልፉን ከመያዣው አወጣና ብስክሌቷን እየገፋ ግቢያችን ውስጥ ወዳለው የብረት ምሰሶ ወሰዳት። መጀመሪያ ምሰሶውን በሁለት እጁ ነቀነቀው። አሰራት፣ ሦስት ጊዜ ሳባት፣ መክፈቻውን መልሶ መዳፌ ላይ አኖረ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገብቶ አልጋውን ከበሩ ሥር አንስቶ ብስክሌቷ ወደነበረችበት ግድግዳ አስጠጋው።