ኮምፒውተሩ «የለችም» ያላቸው እትዬ አስካለ

ትናንት ጠዋት... ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ እትዬ አስካለ የዕድራችን መጋዘን በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። እናታቸው ሌሊት አርፈዋል። ለቀስተኛ እየመጣ ነው፣ ግቢያቸው ግን ድንኳን የለም።

ሲኤምሲ ጀርባ ነው ሰፈራችን። ዙሪያችን ፎቅ በፎቅ ሆኗል፣ የዕድሩ መጋዘን ግን ያው ቆርቆሮ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ጋሽ በላቸው የመጋዘኑን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ላፕቶፑ ፊት ተቀምጠዋል።

«አስካለ፣ ስምሽ የለም።»

«ጋሽ በላቸው፣ ባለቤቴን እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስቀበሩት?»

«እሱን አውቃለሁ። ኮምፒውተሩ ግን የለችም ይላል። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

ደሜ ፈላ። እኚህ ሰው ባለፈው ክረምት «መዝገብ ማለት ወረቀት ነው» ብለው ስንቱን ስብሰባ ያስበተኑ ናቸው።

ዳታቤዙን፣ ማለት የኮምፒውተሩን መዝገብ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቤት አንድ ዶክመንት... ባል፣ ሚስት፣ ልጆች፣ የሚጦሩ ወላጆች፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ። ትዕዛዞቹንም አስተምሬያቸዋለሁ። ፋይንድ ያሳያል፣ ኢንሰርት ያስገባል፣ አፕዴት ያስተካክላል፣ ዲሊት ያጠፋል። ደብተራቸው ላይ በጥንቃቄ ገለበጡት። ከአራቱ የወደዱት የመጨረሻውን ብቻ መሆኑን ማን ነገረኝ።

ፋይንድ ብዬ እትዬ አስካለን ፈለግኩ። ዜሮ። ባለቤታቸው የሞቱባቸውን ሌሎች እናቶች ፈለግኩ... ዜሮ፣ ዜሮ።

«ጋሽ፣ ምን ነክተው ነበር?»

«ምንም። እሁድ የሞቱትን አጠፋሁ። የሞተ ሰው መዝገብ ላይ ምን ይሠራል?»

ገባኝ። ባልየው ሞቷል የሚል ምልክት ያለበትን ዶክመንት ሁሉ ዲሊት ብለውታል። ሚስትና ልጅ አብረው ሄደዋል። አንድ አፕዴት ሲበቃ፣ የሰፈሩን ባልቴት በሙሉ በአንድ መስመር ጠርገዋቸዋል።

የመዝገቡ ኮፒ ያለው ራቅ ብሎ፣ አጎቴ ቤት በተውኩት ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹ እስኪመጣ ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ እትዬን በእጄ ላስገባቸው ኢንሰርት ብዬ ጀመርኩ።

«ተይ አንቺ። ዛሬ የገባ አዲስ አባል ነው። አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ድንኳን አይወስድም። ደንብ ነው።»

እትዬ አስካለ የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው መሬት መሬት አዩ። በሰው ለቅሶ ሁሉ ቀድመው ደርሰው ሽንኩርት ሲከትፉ የኖሩ ሴትዮ... እሱ ነው ያቃጠለኝ።

ሌላ መስመር ጻፍኩ። ዲሊት፣ የጋሽ በላቸው ሙሉ ስም፣ ኢንተር። ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞርኩት።

«ጋሽ፣ እስቲ የራስዎን ስም ይፈልጉ።»

መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣት ጻፉ። ደግመው ጻፉ... መነጽሩን አውልቀው ጠረጉት፣ አሁንም ጻፉ።

«የለሁም ይላል።»

«ኮምፒውተር አይዋሽም።»

«አንቺ ባለጌ፣ አሁኑኑ መልሺኝ።»

«እመልስዎታለሁ። ግን አዲስ አባል ይሆናሉ። ስድስት ወር ጤናዎን ይጠብቁ።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ... እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላውቅም። ጋሽ እኔን አዩ፣ ላፕቶፑን አዩ። ከዚያ ቁልፉ ከኪስ ወጣ።

ድንኳኑ ተተከለ። ከሰዓት ፍላሹን አምጥቼ ባልቴቶቹን አንድ በአንድ መለስኳቸው። ጋሽ በላቸውን ግን... እስከ ሰልስቱ ድረስ ላቆያቸው አስቤያለሁ።