አልዞር ያለው ግራሞፎን

የተጣበቀ ብረት ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። ሥራዬ የስፌት መኪና መጠገን ስለሆነ በየቀኑ ይገጥመኛል፤ በየቀኑም ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ ሱቄ ብቅ ባለች ቁጥር "ዛሬ ደግሞ ከየትኛው ብሎን ጋር ተጣላህ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። መዶሻ ወደ እጄ ቶሎ ይመጣል።

ያን ቀን ጠዋት የመጡት ሐጂ ግን መዶሻ የሚችል ዕቃ አልያዙም። ሐጂ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ደንበኞቼ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ የሚያውቋቸው ሽማግሌ ናቸው። ከባጃጅ ወርደው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አቅፈው ገቡ። ገለጥሁት፤ ጥሩንባው ሳይቀር ያለ፣ በእጅ እየተዘወረ ሸክላ የሚያጫውት የድሮ ግራሞፎን።

"ሐጂ፣ እኔ እኮ የማውቀው የስፌት መኪና ነው" አልኋቸው።

"ይህም ጥርስና ሞላ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ከዚያ ጉዳዩን አጫወቱኝ። ግራሞፎኑን የሰጡት የሚስታቸው አባት ናቸው፤ ለልጃቸው የሠርግ ስጦታ። ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ አንድ ቀን ሐጂ ሸክላ ሊያጫውቱ እጀታውን ሲዘውሩ፣ ሲዘውሩ፣ ድርቅ አለ። ሸክላውም አልዞር አለ። ከዚያ ወዲህ ግራሞፎኑ አልተነቃነቀም፤ ሚስታቸውም አልረሱም። ሐጂ ሬዲዮ ሲነኩ፣ የድስት ክዳን ሲያነሱ፣ የልጅ ልጃቸውን መጫወቻ ሲይዙ "ተው፣ እንደ አባቴ ዕቃ ታደርገዋለህ" ይሏቸዋል። ቤተሰቡ ይስቃል። ሐጂም ይስቃሉ።

"አብሬ እስቃለሁ እንጂ ልጄ፣ ወላሂ ያመኛል" አሉኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት ለልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። መመለሱን አላህ ያውቃል። ካልተመለስሁ የአባቷን ዕቃ የሰበረ ሰው ሆኜ እንዳልቀርባት።"

እንግዲህ ምን ይባላል? ይቻላል እንዳልል ዕቃውን አላውቀውም፤ አይቻልም እንዳልል ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው። "ተዉልኝ" አልኋቸው።

ሣጥኑን ስፈታ የጠበቅሁት ዝገት ነበር። እዚህ ጣና አፍ ላይ ያለ ብረት ሁሉ ይዝጋል፤ እኔም የምኖረው በዚሁ ዝገት ነው። ዝገት የሚባል ግን የለም። ጥርሶቹን ሁሉ አንድ ቡናማ ነገር እንደ ሙጫ አያይዟቸዋል። በካቻቢቴ ጫፍ ብፍቀው አልለቅ አለ። በፒንሳ ይዤ ልገፋው ስል እጄ መዶሻውን ፈለገ። መዶሻውን አንስቼ ውጭ በረንዳው ላይ አስቀመጥሁት። ዛሬ አንድ ጥርስ ብሰብር የሚሰበረው በእኔ ስም አይደለም፣ በሐጂ ስም ነው።

ሸክላውን የሚያዞረውን ሞተር ቆርቆሮ ላይ አድርጌ የቀትር ፀሐይ ላይ አወጣሁት። እየሞቀ ሲመጣ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ጎንበስ ብዬ ደጋግሜ አሸተትሁ። ኑግ ነው። የወጥ ቤት የኑግ ዘይት! ብረት ላይ ከቆየ ይደርቃል፤ ደርቆ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ነጭ ጋዝና ትዕግሥት ነው፤ ነጭ ጋዙ ነበረኝ። በዶሮ ላባ እየነካሁ፣ በጨርቅ እየጠረግሁ፣ መልሼ እያሞቅሁ ሰነበትሁ።

ጥርሶቹ ሊለቁ ጥቂት ሲቀራቸው ሐጂ ወሬ ሊጠይቁ መጡ። ገና ከመቀመጣቸው ሚስታቸው ከች አሉ። ዕቃው ከቤት መጥፋቱን አይተው የባጃጁን ሹፌር ጠይቀው ነው የደረሱብን።

"ደግሞ አወጣኸው?" አሉ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ። "የተረፈውን ልትጨርሰው ነው?"

ያ ግልፍተኛ ዐመሌ መጣ። "እናቴ፣ እሳቸው ምንም አልሰበሩም" አልሁ። "ሞላው ደህና ነው። ይልቅስ የትኛው ጅል ነው የወጥ ዘይት እየጨመረ ጥርሱን ሁሉ ያጣበቀው?"



"እኔ ነኝ" አሉ ሚስታቸው።

አባታቸው ዕቃውን ሲሰጧቸው "ዘይት እንዳታሳጪው" ብለዋቸው ነበር። የምን ዘይት እንደሆነ አልነገሯቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቤት ውስጥ ዘይት ከተባለ ኑግ ነው። ከቆመ በኋላ እንኳ ኢድ በመጣ ቁጥር ምናልባት ይነሣ እንደሆነ እያሉ ጠብ ያደርጉበት ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አፌን ሰብስቤ ሌላውን እውነት ነገርኋቸው፤ ኑጉ ባይሸፍነው ኖሮ የሐይቁ እርጥበት በልቶ ይጨርሰው ነበር። እሳቸው ግን እኔን አልሰሙኝም። የሚያዩት ሐጂን ነበር።

የምይዘው የምጨብጠው ሲጠፋኝ ላባውን ነጭ ጋዝ ነክሬ የመጨረሻዋን ጥርስ ዳበስኋት፤ በጣቴም ገፋ አደረግኋት። ጠቅ አለች። ከዚያ ሞተሩ በራሱ መዞር ጀመረ። ደንግጬ እጄን ሰበሰብሁ። እጀታውን እኮ ገና አልገጠምሁትም፤ ማን ዘወረው?

ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ሐጂ ያን ጊዜ እስከ ጥግ ዘውረውታል። ድርቅ ያለው ተሰብሮ ሳይሆን ሞላው ከዚያ በላይ መጠምጠሚያ ስላጣ ነው። ጥርሶቹ ተጣብቀው ስለያዙት መፈታትም አልቻለም። ሐጂ በወጣትነት ክንዳቸው የዘወሩት ያ ዙር ይህን ሁሉ ዘመን ሞላው ውስጥ ተቀምጧል። ይህንኑ ነገርኋቸው።

ሁለቱም እስኪያበቃ ድረስ አዩት። ሲቆም ሚስታቸው የሻርፓቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስናገርህ ለምን ዝም አልኸኝ?"

"እኔም ሰበርሁት ብዬ ነበር እኮ የማምነው" አሉ ሐጂ።

ገጣጥሜ፣ የስፌት መኪና ዘይት ቀብቼ ስጨርስ አብረው ሊወስዱት መጡ። ሸክላ አድርጌ ልሞክርላቸው ስል ሚስታቸው ከለከሉኝ። እጀታውን አንስተው ለሐጂ ሰጧቸው።

"ዘውረው" አሉ። "እስከ ጥግ።"

ሐጂ ዘወሩ። ድርቅ ሲል ሞተሩ እንዳይዞር የሚይዘውን ማቆሚያ ሚስታቸው ራሳቸው አስገቡት።

"አሁን እንዲሁ ይቀመጥ" አሏቸው። "የምትለቀው አንተ ነህ፤ ከአዲስ አበባ ስትመለስ።"

ሞላ ተወጥሮ መቀመጥ የለበትም፤ ይደክማል። በደንበኛ ሁሉ ላይ የምጮኸው ይህንኑ ነው። ያን ቀን አንድም ቃል ሳልተነፍስ ሣጥኑን ተሸክሜ ሸኘኋቸው።