ከአቡጀዲው ማዶ

መልኩን አይታችሁት የማታውቁት ሰው ናፍቋችሁ ያውቃል? ሳቁን ከሌላው ሰው ሁሉ ሳቅ የምትለዩት፣ መንገድ ላይ ግን ትከሻ ለትከሻ ብትጋፉ እሱ መሆኑን የማታውቁት ሰው? እኔን እንዲህ ያለ ናፍቆት ይዞኛል። ነገሩ የመጣው ከሲኒማ ስለሆነ፣ የአዳማ ሲኒማ እንዴት እንደተከፈተና እንዴት እንደተዘጋ አስቀድሜ ላስረዳ።

ለማስተማር ስመጣ አዳማ ከባቡር ጣቢያው፣ ከገበያውና ከጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበራትም። ነገር ግን ባቡሩ በመጣ ቁጥር ሰው ያወርዳል፤ የወረደውም ሱቅ ይከፍታል። ከወረዱት መካከል ሁላችንም ሙሴ እያልን የምንጠራው አንድ ግሪክ ነበር። ይህ ሰው በጣቢያው አጠገብ ባዶውን የቆመ የእህል መጋዘን ተከራየ፤ ከጅቡቲ ያስመጣውን በእጅ የሚዞር የሥዕል ማሳያ መኪና ተከለበትና ሲኒማ አለው።

ሥዕሉ ድምፅ አልነበረውም። በየመካከሉ የሚወጣው ጽሑፍም በፈረንሳይኛ ነው። እኔ ፈረንሳይኛ ስለተማርሁ፣ ሙሴ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሜ ነገሩን ለሕዝቡ በአማርኛ እንዳስረዳ ለመነኝ። ማስረዳት ደግሞ ከእንጀራ ይልቅ የምወደው ነገር ነው።

የመጋዘኑ ሥርዓት እንዲህ ነበር። ሴቶች ከወንዶች ጋር በጨለማ መቀመጥ ነውር ስለሆነባቸው፣ ሙሴ ሥዕሉ የሚያርፍበትን ሰፊ አቡጀዲ ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከመጋዘኑ መካከል ሰቀለው። ወንዶች በጣቢያው በኩል ባለው በር ገብተው ከፊት ይቀመጣሉ። ሴቶች በገበያው በኩል ገብተው ከአቡጀዲው ማዶ ይቀመጣሉ። ሥዕሉ ወደ ማዶ እንዲያልፍ ጨርቁ በውኃ ይርሳል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሮቹ ይዘጉና የቆርቆሮው ቀዳዳ ሁሉ በጆንያ ይወተፋል። በአዳማ ሙቀት ጨርቁ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ ሥዕሉ ከማዶ መደብዘዝ ሲጀምር ሴቶቹ «ሙሴ፣ ውኃ! ውኃ!» እያሉ ይጮሃሉ።

ከማዶ የሚታይ ሥዕል እንደሚገለበጥ ታውቃላችሁ፤ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ እሑዶች በአንዱ እኔ በተለመደው አነጋገሬ፣ «አሁን ሰውዬው ወደ ቀኝ ታጠፈ» አልሁ።

«ኧረ ወደ ግራ ነው፣ የኔታ! ዓይንዎን ይጥረጉ!» አለች አንዲት ሴት ከማዶ።

ወንዶቹ በሙሉ ሳቁብኝ። እኔም ነገሩን በሥርዓት ለማስረዳት፣ «እመቤቴ፣ እርስዎ ያሉት በሥዕሉ ጀርባ ነው። በጀርባ ሲታይ ይገለበጣል» አልሁ።

«ጀርባውስ የናንተ ነው። እኛ ፊት ለፊት ነን» አለችና ሳቀች።

ያን ሳቅ ያን ቀን ለየሁት።

ከዚያ ወዲያ ያላረመችኝ እሑድ አልነበረም። ስትገባ «አካም ኦልተን፣ የኔታ» ብላ ሰላምታዋን በአቡጀዲው ላይ ትልክልኛለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትጀምራለች። አንድ ጊዜ ትልቅ ግብር የሚበላበት ሥዕል መጣ። የማዶው ወገን አንድ ላይ፣ «ውይ! በግራው ይጎርሳል!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ገበያው ሁሉ ፈረንጅ በግራ እጁ እንደሚበላ አወቀ። አንድ የጨው ነጋዴ መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እውነት ነው ወይ? ሙሴ እኮ እኔን በሌላው እጁ ነው ሰላም የሚለኝ» ብሎ በጭንቀት ጠየቀኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስስ ወረቀት ላይ ትልቅ ፊደል ጽፌ፣ ከመብራቱ ፊት ይዤ፣ ነገር በጀርባው ሲታይ እንዴት እንደሚገለበጥ ለሁለቱም ወገን አስረዳሁ። ሁሉም ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ገባን፣ የኔታ» አለች እሷ መጨረሻ ላይ። «ወረቀቱን ያስቀምጡና ሰውዬው ሳይታጠብ መጉረሱን ያስረዱን።»

ከተማዋ እየሰፋች ሄደች። አንድ የሆቴል ባለቤትም የሙሴን ገበያ አይቶ በግቢው ውስጥ ሁለተኛ ሲኒማ ከፈተ። ወንበሩ ባለመደገፊያ ነው፤ ሥዕሉም በኖራ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ጥቂት ሰንበት እዚያ አስረዳሁ። ሥዕሉ የጠራ፣ ሕዝቡም ጨዋ ነበር። ነገር ግን «ወደ ቀኝ ታጠፈ» ባልሁ ቁጥር ሳላውቀው ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ሰዎቹም ቃሉ የጠፋብኝ ይመስላቸዋል። ግድግዳ ማዶ የለውም። በጉጉት የምሄደው ለሥዕሉ ሳይሆን ለዚያ ድምፅ መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ቆሜ ነው። ወደ መጋዘኑ ስመለስ ከማዶ፣ «እነዚያ ቀኛቸውን የሚያውቁት ሰዎች አሰናበቱዎት?» አለችኝ። ያን ቀን ሥዕሉን እንዴት እንዳስረዳሁት ራሴም አላስታውስም።

የሆቴሉ ሲኒማ ብዙ አልቆየም፤ መኪናው ተሰበረና ባለቤቱ ትቶት ወደ ድሬዳዋ ሄደ። የእኛም ተራ ደረሰ። ሙሴ አንድ ቀን ጠርቶኝ፣ «አስተማሪ፣ አሁን በሌላ አገር ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። የማይናገር ሥዕል የሚልክልኝ የለም። የሚናገረውን ደግሞ የእኔ መኪና አያውቅም» አለኝ። በዚያ ላይ የአርሲ ስንዴና ገብስ በብዛት ወደ ጣቢያው መጉረፍ ጀምሮ ነበር፤ የመጋዘኑ ባለቤት መጋዘኑን ለእህል ፈለገው። ሲኒማውን ያመጣልን የከተማዋ ማደግ ነው፤ የወሰደብንም እሱው ነው። የሚቀጥለው እሑድ የመጨረሻው ነው ተባለ።

ሳምንቱን በሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ከመጋዘኑ በቀር ከዚያች ሴት ጋር የምገናኝበት ስፍራ የለኝም። ስሟን አላውቅም። ያን ሁሉ ሰው እያሰማሁ «ማን ነዎት?» ብል እሷን ማዋረድ ነው። ሥዕሉ ሲያልቅ ዞሬ በገበያው በር እንዳልጠብቃት፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክሬዋለሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዝም ብለው፣ ተያይዘው ነው የሚወጡት። ዝም ካለች እንዴት ልለያት?

በመጨረሻው እሑድ ሥዕል ላይ ትልቅ የግቢ በር ታየ፤ በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዛፎች አሉ። ሰውዬው በእኛ በኩል ሲታይ ከቀኙ ዛፍ ሥር ቆሞ ለሴት ወዳጁ ይናገራል። የአዳማ ጣቢያም በር ግራና ቀኙን ሁለት ግራሮች እንዳሉት የማያውቅ የለም። ጽሑፉ ወጣ። ስለ ሰውዬው አክስት ሕመም የሚያወራ ነበር። እኔ ግን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «'ነገ ባቡሩ ሲገባ፣ ከበሩ በስተቀኝ ካለው ዛፍ ሥር እጠብቅሻለሁ' ይላል» ብዬ አነበብሁ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ባቡር ከየት አመጣ? እስካሁን በፈረስ አልነበረም እንዴ የሚሄደው!» አሉ።

እኔ የምጠብቀው «ግራ ነው!» የሚለውን ድምፅ ነበር። አልመጣም። በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ጽሑፍ ግን አልተከተለም።

«ከማዶ ያላችሁ፣ ሴትዮዋ ምን ያለች ይመስላችኋል?» አልሁ።



«'እመጣለሁ' አለች» አለች እሷ፣ ሳትስቅ።

በማግስቱ ተማሪዎቼን አሰናብቼ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። መንገድ ላይ ነገሩን ለራሴ በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እኔ ቀኝ ብያለሁ። እሷ ግን ከማዶ ሆና ሰውዬውን ያየችው በግራው ዛፍ ሥር ነው። ደግሞም እሷ ሁልጊዜ ዓይኗን እንጂ እኔን አታምንም። ስለዚህ የምትመጣው ወደ ግራው ነው። ይህን ካጣራሁ በኋላ ከግራው ግራር ሥር ቆምሁ። በበሩ ፊት ለመጋዘኑ የመጣ ስንዴ በጆንያ ከሰው ቁመት በላይ ተከምሮ ስለነበር የቀኙ ግራር አይታየኝም። ልዙርና ልየው ብዬም አላሰብሁም፤ የተጣራ ነገር ምን ይታያል?

ባቡሩ ገባ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ተሳፈረ። በመጨረሻ ሙሴ መኪናውን በሣጥን አሽጎ ሲያስጭን አየኝና መጣ።

«አስተማሪ! እዚህ ነህ? ያቺ አንተን የምታርም ሴት ከዚያ ማዶ ናት።»

«የት ማዶ?»

«ከቀኙ ዛፍ ሥር ናታ። ጃንጥላ ይዛ ስትጠብቅ ቆየች። 'ባቡሩ ይህ ነው ወይስ ሌላ አለ?' አለችኝ። ይህ ብቻ ነው ስላት ሳቀች፤ በሳቋ አወቅኋት።»

ክምሩን ዞሬ ሮጥሁ። ከግራሩ ሥር ሁለት የሐረር ነጋዴዎች ብቻ ተቀምጠዋል። ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ነጠላ የለበሱ፣ ጃንጥላ የዘረጉ ሴቶች ሲሄዱ ይታያሉ፤ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ዝም ብለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሌን አምናልኝ ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አምኜላት ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ አንድ ጊዜ የጠበቀችና የቀሩባት ሴት ሁለተኛ አትጠብቅም። መልኳን ያየው ሙሴም በዚያው ባቡር ሄዷል፤ ስሟን የማላውቃትን ሴት ማን ብዬ እጠይቃለሁ? ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ። የምገዛው ነገር የለኝም፤ በጨው ተራና በቅቤ ተራ እየዞርሁ ሰው ሲሳሳቅ እሰማለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ቀጥራችሁ የቀረባችሁ ሲመስላችሁ፣ የቆማችሁበት ስፍራ ትክክል ስለመሆኑ ለራሳችሁ አታስረዱ። እግራችሁን አንሡና ዙሩ፤ ወዲያኛውን ወገን በዓይናችሁ እዩት። ቀላል ነገር ነው፤ እባካችሁ ሞክሩት።