በእንሰቴ መሃል ያለፉ ጎማዎች

ባለቤቴ የተቀበረችው ከቤታችን በታች፣ እንሰቱ አልቆ መንገዱ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት። ልጆቻችን ከላይ ከቡናው ጥላ ሥር ይሁን ብለው ነበር። እሷ ግን ታማ በተኛችበት ወራት አንድ ቀን ጠርታኝ፣ «እዚያ ላይ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ? ከመንገዱ ዳር አድርገኝ፣ የሚያልፈውን ሰው ድምፅ ልስማ» አለችኝ። እንዳለችው አደረግሁ። ዙሪያውንም በድንጋይ ከበብኩት። ድንጋዮቹን ከወንዝ አንድ በአንድ ተሸክሜ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ጥቋቁርና ለስላሳ ናቸው፣ ትልቁ አንድ ዳቦ ያክላል። ያን ጊዜ መንገዱ ከመቃብሯ አሥር እርምጃ ያህል ይርቅ ነበር። ባለፈው የበልግ ዝናብ ግን የጎማ ዱካ ከእግሯ ሥር አንድ ክንድ ብቻ ርቆ አገኘሁ።

ቤታችን ከባንኮ ጎቲቲ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። ከዲላ ተነስቶ በይርጋጨፌ አድርጎ ወደ ገደብ የሚሄደው አስፋልት ለሁሉም መኪና ይሆናል። ከአስፋልቱ ከተገነጠሉ በኋላ ግን ቀይ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ፎርዊል ያልሆነ መኪና አይሞክረውም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፣ እጄም ከብዕር ይልቅ መሪ የለመደ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ለአንድ ቡና ማጠቢያ አሮጌ ፒካፕ ነድቻለሁ። ዓይኔ ሲደክም ቁልፉን በገዛ እጄ መለስኩ። ስለዚህ ስለ ሹፌሮች የምለውን የምለው ከውጭ ሆኜ አይደለም።

በእኛ ጊዜ ጭቃ መንገድ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የሚወርደው ቆሞ የሚወጣውን ያሳልፋል፤ የሚወጣው ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ መነሳት አይችልማ። ኩርባ ሲደረስ ክላክስ ይነፋል፤ እዚህ ጉሙ አንዳንድ ቀን የራስን አፍንጫ ይሸፍናል። ሰው አጠገብ ሲደረስ ቀስ ይባላል፣ መስታወት ወርዶ ሰላም ይባባላል። ጭቃ የያዘውን መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሹፌር፣ በማግስቱ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር የሚስብለት አልነበረም።

የዛሬዎቹ መኪኖች ጉልበታቸው ሌላ ነው። ሹፌሮቹ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ መኪናው ሁሉን ያደርግልኛል ብለው የተኙ ይመስላሉ። ፎርዊሉን የሚያስገቡት ጭቃው እስከ ሆዳቸው ከዋጣቸው በኋላ ነው። ከዚያ ነዳጅ እየረገጡ ጎማ ያሽከረክራሉ፣ መንገዱ ይቆፈራል፣ እነሱ ወጥተው ሲሄዱ ጉድጓዱ ለሚቀጥለው ሰው ይቀራል። ከገበያ የምትመለስ ሴት ላይ ጭቃ ረጭተው ሲያልፉ አይቻለሁ፤ ቆማ ነጠላዋን ስታራግፍ በመስታወታቸው እንኳ ወደ ኋላ አላዩም። መንገዱ በነሱው ጎማ ሲበላሽ ደግሞ በሰው ጓሮ ይገባሉ። በእኔ እንሰት መሃል የተከፈተው አቋራጭ እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አንድ ጎማ ጠርዙን ነካ፣ ቀጥሎ ሁለት እንሰት ወደቀ። ከዚያማ መንገድ ሆነ።

አንድ ጠዋት ወደ መቃብሯ ስወርድ ከድንጋዮቹ አራቱ የሉም። ወደ መንገዱ ወጣሁ። ዳገቱ መሃል፣ በጎማ ቦይ ውስጥ፣ አራቱም በጭቃ ተለውሰው ተቀምጠዋል። መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ከጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፤ ታኮ እንለዋለን። መኪናው ሲነሳ ታኮውን አንስቶ ከመንገድ ማውጣት የሹፌሩ ግዴታ ነው። ረስቶት ቢሄድ ከኋላ የሚመጣው ይገለበጥበታል። የዛሬዎቹ ጥለውት ነው የሚሄዱት። ድንጋዮቼን በውሃ አጥቤ መለስኳቸው። ከሳምንት በኋላ ሦስት ጠፉ፣ እንደገና መለስኩ። የሚገርመው፣ በእነዚያ ቀናት ከቤቴ በር ላይ ተቀምጬ ስውል የቆመ መኪና ድምፅ አልሰማሁም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ብዙ ነገር ይሰውራል፣ አልኩ።

ከሹፌሮቹ አንዱን፣ ጥቁር ቆብ የሚያደርገውን፣ በአቋራጩ ሲገባ ደርሼ ያዝኩት። መስታወቱን ግማሽ አወረደልኝ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ መቃብር አለ» አልኩት።

«የታለ አባባ? እንሰት ብቻ ነው የማየው።»

«እንሰቱስ ቢሆን የሰው አይደለም?»

«መንገዱን ያበላሸሁት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ቀበሌ ሄደህ ንገራቸው» አለና መስታወቱን ዘጋ። ክፉ ልጅ አልመሰለኝም። የቸኮለ ሰው ነው። ግን መቃብሯን በመስታወቱ በኩል እያየ «የታለ» ማለቱ ብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣም።

እንግዲህ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ከብሳናው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆረጥኩ፣ ቅጠሉ እንዳለ ጎትቼ የአቋራጩን መግቢያ ዘጋሁት። ቅርንጫፎቹ ረጃጅም ስለነበሩ ግማሹ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ። እኔ ያሰብኩት እንደ አጥር ነው። ሹፌር የሆነ ሁሉ ግን መንገድ ላይ የተጣለ ቅጠል ሲያይ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያነበው፤ ከፊት የተበላሸ መኪና ቆሟል፣ ተጠንቀቅ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስታዘዘው የኖርኩትን ምልክት፣ የገዛ እጄ ሲጥለው አላወቅሁትም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ከሸለቆው ወጣ። እኔ እንሰቱ ውስጥ አረም ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ አንድ መኪና መጥቶ ቆመ፣ ሞተሩንም አጠፋ። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ክላክስ የነፋ የለም፣ በአቋራጩ ለመግባት የሞከረም የለም፣ ተራቸውን ጠብቀው ተሰለፉ። ያን ያህል ጨዋነት ከነሱ አይቼ ስለማላውቅ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ነገር ግን ዝምታው አላማረኝም። መቆፈሪያዬን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

«ምን ሆነ?» አለ ከሁለተኛው መኪና የወረደው። በድምፁ አወቅሁት፣ የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ ነው፣ ጎልማሳ ሰው።

«ቅጠል ተጥሏል። የተበላሸ አለ ከፊት» አለው የመጀመሪያው። እሱ ደግሞ ባለ ቆቡ ነው።

ሦስተኛው መኪና ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጭኖ የመጣ ነው። አንዱ ተማሪ ሹፌራቸውን፣ «ፋዘር፣ ኔትወርክ እንኳን የለም። ዛሬ እዚሁ ልናድር ነው በቃ» ሲለው ሌሎቹ ሳቁ።

«እናንተ ልጆች፣ እስኪ ዝም በሉ» አለ ነጋዴው። «ስሙ።»

እኔም ሰማሁ። ከላይ፣ ከኩርባው ወዲያ፣ ሞተር ይነሳል። ይነሳና ያቃስታል፣ ዳገት እንደከበደው ናፍጣ መኪና፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና። ከላይ የቆመ መኪና አለመኖሩን ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ጭር ያለ ቀን ነበር፤ ጠዋት ካለፉት በቀር ወደ ላይ የወጣ መኪና አላየሁም፣ እነሱም ተመልሰው ወርደዋል።

ባለ ቆቡ ሊያይ በእግሩ ወደ ላይ ወጣ። ጉሙ ወገቡን ዋጠው፣ ከዚያ ትከሻውን። ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ።

«የኋላ መብራቱን አየሁት፣ ቀይ ነው» አለ። «ስጠጋው ራቀ።»

«ተጠግተህ ነካኸው?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ የምነካው?»

«ይህን የሚያህል ፎርዊል እየነዳህ፣ የተበላሸ መኪና ትፈራለህ?»

«እሺ ጋሼ፣ ሂድና አንተ ንካው።»

ነጋዴው የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ሳበና ባለበት ቆመ። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ ሳቃቸው ግን አጭር ነበር።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ የሆነች ሴት እንሰት ቅጠል ተሸክማ ከላይ ወረደች። ባለ ቆቡ፣ «እናት፣ መኪናው ከብዶታል ወይስ ሊነሳ ነው?» አላት።

«የምን መኪና?»

«ከላይ የቆመው።»

«መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አለች። ሸክሟን በትከሻዋ አስተካከለች። «ሞተሩን ግን ስሰማው ነው የመጣሁት። እናንተ መስላችሁኝ ነበር።»

«የኛ ጠፍቷል። ሦስታችንም አጥፍተናል።»

ሴትዮዋ አንድ በአንድ አየቻቸውና መንገዷን ቀጠለች፤ ከወትሮው ፈጠን ብላ ነው የሄደችው።

ኋላ ባለ ቆቡ፣ «እኔ እዚህ አልቆምም፤ በሽማግሌው እንሰት አዙሬ እወጣለሁ» ብሎ ጋቢና ገባ። ሞተሩን አስነሳ። የፊት ጎማው ቅርንጫፉን ሰብሮ ወደ ውስጥ ሲዞር ሰማሁት። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ በዚህ ዕድሜዬ። መቃብሯና መኪናው መሃል ገብቼ ቆምኩ። ከጉም ውስጥ ድንገት ስወጣበት ፍሬኑን ረግጦ ሞተሩ ጠፋበት።

«ማነህ?» አለ። ድምፁ ተሰብሯል።

«እኔ ነኝ ልጄ። ቅጠሉን የጣልኩት እኔ ነኝ። ከላይ የተበላሸ መኪና የለም። ይህን መግቢያ ልዘጋ ብዬ ነው ያደረግሁት። ባለቤቴ እዚህ ናት።»

«የት?»

«ከጎማህ ሁለት እርምጃ።»

ወርዶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዮቹን አያቸው። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ወደ ፒካፑ ጀርባ ሄደና አንድ ጥቁር ለስላሳ ድንጋይ በሁለት እጁ ይዞ ተመለሰ። እንደጠፋ እንኳ ልብ አላልኩትም ነበር። ከሌሎቹ መሃል ክፍቱን ፈልጎ አስቀመጠው።

«ጥሩ ታኮ ሆኖኝ ነው አባቴ» አለ፣ «አላወቅሁም ነበር።» አባባ ማለቱን ትቶ አባቴ አለኝ።

ነጋዴው ከኋላ ቆሞ ነበር። «ታዲያ» አለ፣ «የሚነሳው ሞተር የማን ነው?»

ከላይ ያለው የቡና ማጠቢያ መፈልፈያ ማሽን ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ወቅቱ የቡና መልቀሚያ አልነበረም፤ ማሽኑ ከተሸፈነ ወራት ሆኖታል፣ ሲሸፍኑትም አይቻለሁ። ለዚያ ሰው ውሸት የምነግርበት ምክንያት አልነበረኝም። «አላውቅም» አልኩት።

አቋራጩን ትተው በዋናው መንገድ ወጡ። ባለ ቆቡ ገና ከመነሳቱ በፊት ፎርዊሉን አስገባ። ቀስ እያለ፣ ጎማ ሳያሽከረክር። ተማሪዎቹ ወርደው ጭቃው ውስጥ ገቡና ሦስቱንም መኪና በየተራ ገፉ። ታኮ ያደረጉትን ድንጋይም ነጋዴው ራሱ እያነሳ ወደ ዳር ጣለ። ከላይ ደርሰው ክላክስ ነፉልኝ። በኋላ እንደሰማሁት፣ መኪና አላገኙም።

ያን ማታ ጥሩ እንቅልፍ አልተኛሁም፤ ከሞተሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ቅጠሉ ነው። ነገ በእውነት የተበላሸ ሰው ቅጠል ቢጥል፣ ያ ሽማግሌ ነው ብለው ገጭተውት ቢያልፉስ? ለአንዲት መቃብር ብዬ የሹፌርን ሁሉ ምልክት ሐሰት አድርጌው ነበር። እሷም ብትሰማ አትወድልኝም። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ወርጄ ቅርንጫፎቹን አንድም ሳላስቀር አነሳኋቸው። መግቢያው ወለል ብሎ ተከፈተ። መከልከያዬ አንደበቴ ብቻ ሆነ። በርጩማ አምጥቼ ከመቃብሯ አጠገብ ተቀመጥኩና ለሚመጣው ሁሉ በአፌ ልናገር ቆረጥኩ።

ጉሙ ገና አልተገፈፈም ነበር። የመጀመሪያው መኪና ሲመጣ ሹፌሩ የማላውቀው ሰው ነበር። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፣ መስታወቱን ሙሉ ለሙሉ አወረደ።

«እንደምን አደሩ አባባ። ያ መኪና ወጣ?» አለኝ።

ወሬው ከኔ ቀድሞ ይርጋጨፌ ደርሷል ማለት ነው። አልወጣም ብዬ ብመልስለት ከፍርሃት የተነሳ በአቋራጩ በኩል የሚደፍር እንደማይኖር አወቅሁ። ወጣ፣ ወይም መኪና አልነበረም ብዬ ብመልስለት ግን እንሰቴ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

«መኪና የለም ልጄ» አልኩት። «ትናንትም አልነበረም። እዚህ ያለችው ባለቤቴ ናት። በዚህ በኩል አትግባባት።»

እኔን አየ፣ ድንጋዮቹን አየ። ያመነኝ አልመሰለኝም፣ ነገር ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ፤ ለእኔ ይሁን ለእሷ አልለየሁትም። ማርሹን አሳንሶ የተቆፈረውን ዋናውን መንገድ ያዘ። ኩርባው ጋ ሲደርስ እንደ ድሮው ሰው ክላክሱን ረዘም አድርጎ ነፋ።

ከላይ ሌላ ክላክስ መለሰለት። የሚወርድ መኪና እንዳለ አውቆ፣ ማለፊያው የእሱ ሆኖ ሳለ፣ ጠርዝ ይዞ እንደቆመ በሞተሩ ድምፅ ተረዳሁ። ብዙ ጠበቀ። ኋላ ሰልችቶት መንገዱን ቀጠለ። እኔ ግን በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ የሚወርደው መኪና ይመጣል ብዬ እስኪመሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። በእንሰቱም በኩል ያን ቀን ያለፈ ጎማ የለም።